መምህራችንን የዳርን ጊዜ

የሙት ዓመታቸው ባለፈው ወር ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ፎቷቸውን የበር ስፋት አሳክለው ሰቅለውታል። አንዱ ተነስቶ «የፍትሕ ምሰሶ» አላቸው። ሌላው «የማይነጥፍ ምንጭ»። ሦስተኛው ደግሞ፣ ያውም ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ በጠመኔ ግንባሩን ያሉት ሰውዬ፣ «የዘመናችን ፋና» ብሎ አረፈው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ደሜ ፈላ። እንዴ! እኒህ ሰው እኮ ሰው ነበሩ! ይስቁ ነበር፣ ያስቁ ነበር፣ ሲበሉ ሸሚዛቸው ላይ ወጥ ያንጠባጥቡ ነበር፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሽማግሌ ልከው ሚስት አግብተዋል! ይህን የሚያነሳ አንድ ሰው ይጥፋ? ሽማግሌ ሆና የሄደችው ደግሞ እኔ ነኝ። እንግዲያው እኔው ልናገረው።

ጋሼ ነበር የምንላቸው። ገና የሕግ ተማሪ ሳሉ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመቱ። ሲመለሱ ቀኝ እግራቸው ውስጥ የመድፍ ፍንጣሪ ነበረ፤ ሐኪሙ «ካልነኩት አይነካዎትም» ብሎ እዚያው ተወው። ትምህርታቸውን ጨርሰው እዚያው አስተማሪ ሆኑና ሠላሳ ምናምን ዓመት የቤተሰብ ሕግና የማስረጃ ሕግ አስተማሩ። ስለ ጦርነቱ ግን ትንፍሽ አይሉም። ዝናብ ሊመጣ ሲል እግራቸውን ይዘው «ጃንጥላ ያልያዘ ዛሬ ወዮለት» ይላሉ፤ በቃ፣ ከጦርነቱ የሚነግሩን ይህችኑ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የሆነ ነገር ሲነገራቸው «አየህ? ሰማህ? ወይስ ነገሩህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምስክር የሚመዘነው በዚህ ነው ይሉ ነበር። ታዲያ ክፍል ውስጥ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አንድ ቀን ምሳ ጋብዘናቸው አስተናጋጁ «ክትፎ አልቋል» አላቸው። «አየህ? ሰማህ? ወይስ ነገሩህ?» አሉት። ልጁ ግራ ገብቶት «ነገሩኝ» አለ። «እንግዲያው ሂድና እይ!» ሄዶ ቢያይ ክትፎ አለ። እኛ ከወንበር ልንወድቅ ደረስን፤ እሳቸው ግን እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ቆጭቆጫ ጨመሩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። «ዛሬ ሱሉልታ ትመጫለሽ። ያን ወፍራም ጓደኛሽንም ይዘሽው ነይ» አሉና ዘጉ። ጋሼ ስልክ ላይ ደህና ዋይ ማለት አያውቁም። ወፍራሙ ጓደኛዬ አብሮኝ የተማረ ጠበቃ ነው፤ ክርክር ከጀመረ የራሱ ደንበኛ «ኧረ ይበቃል» ብሎ ኮቱን የሚጎትተው ዓይነት። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ፤ ሦስት ታክሲ ነው። መንገዱን ሙሉ ታመው ነው ብዬ እያሰብኩ ሄድኩ።

አልታመሙም። ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል! ካወቅናቸው ጀምሮ ማበጠሪያ አይቶ የማያውቅ ጎፈሬ ተስተካክሎ፣ ጢማቸው ተላጭቶ፣ የሱሉልታ ብርድ ጉንጫቸውን አቅልቶት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ኦቦ አሉ። ኦቦ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው ገበሬ፤ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ ሰፈሩ በሙሉ ኦቦ ብቻ ነው የሚላቸው። ከላማቸው የታለበ ወተት በየብርጭቋችን ቀዱልን።

«ሽማግሌ እንድትሆኑኝ ነው የጠራኋችሁ» አሉ ጋሼ።

«ከማን ጋር ተጣሉ?» አለ ወፍራሙ።

«አልተጣላሁም። ላገባ ነው።»

ወተቱ በአፍንጫዬ ወጣ። ወፍራሙ ጀርባዬን ሲመታ፣ ኦቦ ሲስቁ፣ ጋሼ እንደ ኮረዳ አንገታቸውን ሲደፉ፣ ያን ጠዋት መቼም አልረሳውም።

«ሽማግሌ ማለት እኮ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ጋሼ! እኔ ሴት ነኝ፣ ይሄ ደግሞ ገና አርባ አልሞላውም» አልኳቸው።

«ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ከኦቦ በቀር የቀሩት ወይ ሞተዋል ወይ ታክሲ ላይ መውጣት አይችሉም።»

ሴትየዋን እናውቃቸዋለን፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ሰበታ የሚኖሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ባላቸው የጋሼ የምሽግ ጓደኛ ነበር፤ አብረው ዘመቱ፣ ጋሼ ብቻቸውን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እንቁጣጣሽና ፋሲካ በመጣ ቁጥር በግ እየጎተቱ ሰበታ ይሄዳሉ። ጣሪያው ሲያፈስ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል፣ የልጅቷን ደብተር እያዩ አስጠንተዋል። ለጓደኛቸው አደራ የሚያደርጉት ነው እንል ነበር። እሳቸውም እንደዚያው ሲሉ የኖሩ ይመስለኛል።

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?» አልኳቸው፤ አፌ አያርፍም።

«በክረምት ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ሾርባ ይዛ መጣች። አጠጣችኝ፣ ሰደበችኝ፣ ሄደች። ስትሄድ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሰባ ዓመት ጭር ብሎብኝ አያውቅም።»

እሺ አልን።

በሳምንቱ ሰበታ ሄድን። ኦቦ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከፊት፤ እኔና ወፍራሙ ከኋላ። እናት የምትጠየቀው እንግዲህ ከልጅ ነው፤ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ልጅየዋ አርባ አምስት ያለፋት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ አባቷ ሲዘምት እናቷ ነፍሰ ጡር ነበሩና አባቷን አታውቀውም። በሩን ከፍታ ሦስታችንን ስታይ ቀድሞ የመጣላት ሳቅ ነበር። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ቆምን። ኦቦ በኦሮምኛ መረቁ፣ በአማርኛ ደገሙት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዕድሜ ልካቸውን ያሉትን ሊሉ ጀመሩ፦ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን...» ብለው ቀጥ አሉ። ወደኔ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄኛው እንዴት ነው የሚባለው?» አሉኝ።

«እናትሽን ለመምህራችን ብለን ነው የመጣነው» አልኳት።

ልጅየዋ በሳቅ ፈረሰች። ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እንደ ወጉ፣ «እንግዲህ አስበንበት የዛሬ ሳምንት መልስ እንሰጣለን» አለች። ይህ ወግ ነው። ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም፤ ሽማግሌም ይህን ሰምቶ አመስግኖ ይሄዳል። የእኛው ወፍራም ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር ሲሰማ ደሙ ይፈላል፤ አሥራ አምስት ዓመት ከቀጠሮ ጋር ሲታገል የኖረ ጠበቃ ነው። እጁን አወጣ።

«ቀጠሮው የተሰጠበት ምክንያት ይገለጽልን! አመልካቹ ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ ጉዳዩ በአስቸኳይ እንዲታይልን እናመለክታለን!»

ኦቦ በዱላቸው ቅልጥሙን አሉት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከጓዳ ግን የሴት ሳቅ ፈነዳ፤ እትዬ ሁሉንም እየሰሙ ኖሯል። «ኧረ ስጪያቸው ልጄ! ይሄ ሰውዬ ይግባኝ ሳይጠይቅ ስጪያቸው!» አሉ ከመጋረጃው ኋላ።

በሳምንቱ እሺ ተባልን። ሠርጉ በወሩ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ፣ የዕድሩ ድንኳን ተያዘ፣ ኦቦ በጉን እኔ አመጣለሁ አሉ። እኔ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ስመላለስ የአየር ጤና ታክሲ ረዳቶች በስም ያውቁኝ ጀመር። ደስታው ግን ደስታ ነበር! ጋሼ ጫማ ሊገዙ ሲሄዱ ሦስት ሰዓት ፈጁ። «ይሄ እግሬን ያሳጥረዋል» አሉ። ያሳጠረው እኮ መድፍ ነው፣ ጋሼ!

ከዚያ ጋብቻውን ለማስመዝገብ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄድን። እስቲ አስቡት፦ የቤተሰብ ሕግ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው፣ ሁለት ጠበቃ፣ እና ሙሽሪት። መታወቂያ ይዘናል፣ ፎቶግራፍ ይዘናል፣ ምስክር ይዘናል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ወረቀቱን አገላበጠች።

«እማማ ከዚህ በፊት አግብተው ያውቃሉ?»

«አዎ ልጄ።»

«እሺ፣ የባለቤትዎ የሞት ማስረጃ?»

እኔ ወፍራሙን አየሁት፣ ወፍራሙ ጋሼን አያቸው፣ ጋሼ ጣሪያውን አዩ። የሞት ማስረጃ የለም። ሰውየው ከግንባር አልተመለሰም እንጂ ሞተ ብሎ ለእትዬ ወረቀት የሰጠ የለም። በሕግ ፊት እትዬ የሰው ሚስት ናቸው! ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል፤ ጋሼ ራሳቸው በየዓመቱ ፈተና ላይ የሚያወጡት ጥያቄ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ አንዴ እኛን አንዴ ወረቀቱን አየችና፣ «የሕግ ሰዎች ናችሁ አይደል ያላችሁኝ?» አለች። ጋሼ ሳቅ ጀመሩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ እኛም አብረን ሳቅን፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳይገባው ሳቀ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን አቁመው ወረቀቱን ሰበሰቡ። ወደ ሰበታ ተመለስን።

መፍትሔው ለእኔ ቀላል ነበር። ሕጉ ለዚህ መንገድ አለው፦ ሰው ለረጅም ጊዜ ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት «ጠፍቷል» ብሎ ይወስናል፣ ጋብቻውም በዚያው ይፈርሳል። ማንም ሞተ ማለት የለበትም። ሳይመሽ ማመልከቻውን እጽፈዋለሁ አልኳቸው፣ እትዬ ቤት ተቀምጠን። ልጅየዋ «እሱ ጥሩ ነው፣ እሱ ይሁን» አለች ቶሎ ብላ።

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አልጠፋም። የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ስለዚህች ልጅ ልንገራችሁ። እትዬ ከጋሼ ሰምተው የባላቸውን መሞት ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ለሕፃኗ ግን «ሄዷል፣ ይመጣል» ብለው አሳደጓት፣ ጋሼንም እንዳይነግሯት አስማሏቸው። ከዓመታት በኋላ ምርኮኞች ተመለሱ ሲባል ልጅቷ በዚያ በልጅነቷ እናቷን ጎትታ ሄዳ ከመኪና የሚወርደውን እያንዳንዱን ፊት አይታለች። ካደገች ወዲያ መሞቱ አይጠፋትም መቼም፤ ግን በአፏ ብላው አታውቅም፣ ሌላውም እንዲላት አትፈቅድም።

«ጋሼ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነው እናቴን የምሰጥዎት» አለች። «ግን አባቴን ሞተ ብለው ፍርድ ቤት የሚቆሙ ከሆነ ሠርጉ ይቅር። እኔ አልገኝም።»

«ልጄ፣ ሐሰት አስመዝግቤ እናትሽን አላገባም» አሉ ጋሼ። «ይቅር ካልሽ ይቀራል። በግ እየጎተትኩ መምጣቴን እቀጥላለሁ።»

እኔ ተናደድኩ፤ በሁለቱም! አንድ ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ብትቀየር ምን ይሆናል? ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባሏ ጠፋባት ተብዬ አልዳርም! ዶሮ ነው እንዴ የሚጠፋ? ማስማሌ ስህተት ነበር፣ አንስቼልሃለሁ። እሷ ትምጣም ትቅርም፣ ሄደህ ያየኸውን ተናገር» አሏቸው።

ማመልከቻው በእትዬ ስም ሰበታ ፍርድ ቤት ገባ፦ ባላቸው መሞቱ በምስክር ተረጋግጦ ይወሰንላቸው የሚል። ብቸኛው ምስክር ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ዳኛ ጋሼ ሲገቡ ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። ዳኛ ለምስክር! ጋሼ ተቆጡ፦ «ይህ ዳኛ ተማሪዬ ነበር፤ ከጉዳዩ ይነሳልኝ!» ለራሳቸው የሚያደላላቸውን ዳኛ አስነሱ እላችኋለሁ። መዝገቡ ወደ ሁለተኛዋ ዳኛ ተመራ፤ እሷም ተማሪያቸው ሆና ተገኘች፣ ያውም «ከእርስዎ ሲ ነው ያገኘሁት፣ ስለዚህ አላደላም» ብላ ተከራከረች። አስነሷት። በመጨረሻ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተማረ አንድ ወጣት ዳኛ ተገኘ። እስከዚያ ቀናችን አልቆ ለሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። ወፍራሙ ላብ በላብ ሆኗል።

እኔ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጅየዋ አልመጣም ብላ ነበር። ችሎቱ ሊጀመር ሲል ገባች፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

እዚያ ችሎት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ወፍራሙ የሆለታ ልጅ ስለሆነ ኦሮምኛው ውኃ ነው፤ ጋሼም መናገሻ ነው ያደጉት። የእኔ ኦሮምኛ ግን ቡራዩ ገበያ ሽንኩርት ከመግዛት አያልፍም። ዳኛው ጠየቀ፣ ጋሼ መለሱ፣ ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔ ብቻ ጅል ሆኜ ቀረሁ። ልጅየዋ ከጎን አየችኝ። አስተማሪ አይደለች? ያልገባው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ አይሆንላትም።

«በጉዳዩ ጥቅም አለዎት ወይ አላቸው» አለችኝ በጆሮዬ። «አዎ፣ እሑድ ላገባት ነው አሉ።»

አሁን እኔ ብቻዬን ሳቅኩ። ዳኛው ገላመጠኝ።

ጋሼ ቀጠሉ። እሷም ቀጠለች፤ እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሉ እሷ በጆሮዬ አንድ ትላለች። «ከጓደኛዬ፣ ከሰላሌው ልጅ ጋር በአንድ ምሽግ ነበርን አሉ... ከመሞ... ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ደብዳቤ መጣ አሉ። ከሚስቱ ነው አሉ። ሴት ልጅ ተወለደች ይላል። ደብዳቤውን ለምሽጉ በሙሉ አነበበው አሉ። ከዚያ ተነስቶ ጨፈረ አሉ። ዝቅ በል፣ ትመታለህ ብንለው አልሰማም፤ ልጅ ወልጃለሁ፣ ልጅ ወልጃለሁ እያለ በእስክስታ አስጨነቀን አሉ። አዛዡ ሊቆጣ መጥቶ እሱም አብሮ ጨፈረ አሉ።»

እጄን ያዘችኝ። ጥፍሯ እጄ ውስጥ ገባ። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ አባቷ መወለዷን ይስማ አይስማ አታውቅም ነበር። ጋሼ ያውቃሉ፤ ግን መጨረሻውን ሳይናገሩ መጀመሪያውን ሊነግሯት አልቻሉም። በዚያ ዕለት ነው ይህ የገባኝ።

ዳኛው ጠየቀ። ጋሼ ቀስ ብለው መለሱ። «ሂሪያ ኮ» ሲሉ እኔም ሰማሁ፤ ጓደኛዬ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ልጅየዋ ግን «አባቴ» አለች።

«አባቴ ጠዋት ቁስለኛ ሊያነሳ ወጣ አሉ። ተመታ አሉ። ጎትቼ አስገባሁት አሉ፤ እኔም እግሬን ያኔ ነው የተመታሁት አሉ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ...»

ጋሼ አንዲት ቃል አሉ፦ «ዱኤ።» ያቺን ቃል የማያውቅ የቡራዩ ነዋሪ የለም። መተርጎም አያስፈልጋትም ነበር፤ እኔም እጇን ጨበጥ አድርጌ በቃ ልላት ነበር።

«ሞተ» አለች። «አባቴ ሞተ።» ቀጥላ ደግሞ፣ «በእጄ ቀበርኩት አሉ። አይቻለሁ፣ አልነገሩኝም አሉ» አለችኝ።

ዳኛው ከሰዓት በኋላ ወሰነ። ወረቀቱን ይዘን ስንወጣ ወፍራሙ ግቢው ውስጥ እንደ ልጅ ዘለለ። ልጅየዋ ግን ጋሼ ፊት ቆመች። ልትቆጣቸው ነው ብዬ መሀል ልገባ ስል፣ «ለቅሶ እንቀመጥ» አለች። «ከሠርጉ በፊት። አባቴ ለቅሶ አልተቀመጠለትም።»

ጉድ ፈላ! የዕድሩ ዳኛ ስልክ ላይ «ድንኳኑ ለሠርግ ነው የተያዘው፣ ለለቅሶ?» ብለው ጠየቁኝ። «ለሁለቱም» አልኳቸው። ሐሙስ ተተከለ። አንዳንድ ጎረቤት «ሳምንት ሳይሞላው እንዴት ሠርግ ይሆናል?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ኦቦ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ፈረዱ፦ «አርባው አልፏል፣ አርባ ዓመቱም አልፏል። ሰውየው ራሱ መቼ ነው የምትጋቡት ብሎ ሰልችቶታል!» ከዚህ ወዲያ የተናገረ የለም። የሠርጉ በግ ግን ከድንኳኑ ጀርባ ታስሮ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቀስተኛው ጋር ሲጮህ ሰነበተ፤ በግ በጮኸ ቁጥር እትዬ በጥቁር ነጠላቸው ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁን ለቅሶ የመሰለው ሰው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላቸዋል።

ጋሼ ድንኳኑ በር ላይ ነበር የተቀመጡት። ሙሽራ ናቸው፣ ሐዘንተኛ ናቸው፣ እንግዳ ተቀባይ ናቸው። የሚገባው ሰው ምን እንደሚላቸው ግራ ይገባዋል፤ አንዱ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ደንግጦ አፉን ይይዛል። እሳቸው ሁሉንም እየሳቁ ያስገቡ ነበር። አርብ ቀትር ላይ ዓይናቸው የደከመ አንዲት የሰፈር አሮጊት በሰው እየተደገፉ ገቡ፣ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «እግዜር ያጥናህ ልጄ። ጓደኛህ ነበር አሉ» አሏቸው።

ጋሼ እንደ ወጉ «አሜን፣ ለሁላችንም...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። አፋቸው ተከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም፤ ከዚያ ወጣ። እንደ ሕፃን ጮኸው አለቀሱ። ያስተማሩን ሰው እንዲያ ሲሆኑ አይተን አናውቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ቀብረው ተመለሱ፣ መርዶ ነገሩ፣ ጣሪያ ሠሩ፣ ልጅ አስጠኑ፤ ያን ሁሉ ዘመን እሳቸውን እግዜር ያጥናህ ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ወፍራሙ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አዞረ።

ልጅየዋ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣች፣ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይናቸውን መጥረግ ጀመረች። ከዚያ በዚያ በአስተማሪ ድምጿ፣ ድንኳኑ በሙሉ እየሰማ፣

«በቃ፣ በቃ አሁን፣ ጋሼ» አለች። «ዓይንዎ ያብጣል። እሑድ እናቴን ልድርልዎት ነው።»